ቀድሞ ስም የወጣላት ቆስጣ

የካቲት 2፣ ሰኞ

ሦስተኛው ውጤት ዛሬ መጣ። ዜሮ ነጥብ ዜሮ ስድስት። ገደቡ በኪሎ ዜሮ ነጥብ ሁለት ሚሊግራም ነው።

ወረቀቱን የሰጠችኝ ኬሚስቷ ናት። በራሷ ሚዛን ካልሆነ የእናቷንም ክብደት የማታምን ሴት ስለሆነች ግቢው በሙሉ "ሚዛኗ" ነው የሚላት። "ደግሜ ለክቼዋለሁ፤ ያው ነው" ብላኝ ወደ ማሽኗ ዞረች። እኔ እስከ ግሪንሃውሱ ድረስ መሮጥ አማረኝ። አልሮጥኩም። አርባ ስድስት ዓመቴ ነው፣ የምርምር ጣቢያው ኃላፊም መስኮቱ ላይ ቆሞ ነበር።

ነገሩን ከሥሩ ልጻፈው፤ ደስታዬ ሲበርድ እንዳይምታታብኝ። ወንዙ ዳር ያለው መሬት ካድሚየም የሚባል መርዛማ ብረት አለበት። ከላይ የነበረው የባትሪ ፋብሪካ ከተዘጋ ቆይቷል፣ ብረቱ ግን አልሄደም። አይታይም፣ አይሸትም። ቆስጣ ደግሞ ሆዳም ናት፤ ሥሯ ያገኘውን ሁሉ ወደ ቅጠሏ ትልካለች፣ የበላት ሰው ደግሞ ኩላሊቱ ውስጥ ያጠራቅመዋል። ሥሩ ውስጥ ካድሚየሙን ጓዳ አስገብቶ የሚቆልፍ ጂን አለ። በአብዛኛው ቆስጣ ላይ ቁልፉ የተበላሸ ነው፣ በጥቂቱ ይሠራል። የኔ ሥራ የሚሠራውን መፈለግ፣ ማዳቀል፣ መለካት፣ የቀረውን መጣል ነው። ጂኑን በቀጥታ የምናይበት መሣሪያ የለንም፤ ቅጠሉን አድርቀን፣ ፈጭተን፣ ለክተን ነው የምንፈርደው። ስድስት ዓመት ሙሉ ይኸው ነው።

ዛሬ ውጤቷ የመጣላትን ይህችን መስመር፣ ማለትም የዘር ሐረግ፣ ጨዋዋ ብያታለሁ። የሰው ነገር አትነካማ።

ዘር የሚያጸድቀው ኮሚቴ ግንቦት ላይ ይቀመጣል። ለወንዙ ዳር የሚሆን ንጹህ ዘር ከቀረበለት ገበሬዎቹ ቅጠል መትከላቸውን ይቀጥላሉ። ካልቀረበለት መሬቱ ለአበባና ለእንጨት ብቻ ይሆናል። ከገበሬዎቹ አንዱ ታላቅ ወንድሜ፣ ጋሼ፣ ነው።

የካቲት 6፣ ዓርብ

ጋሼ የውሃ ቱቦ ሊገዛ መጥቶ በዚያው ጎራ አለ። ሰው ፊት "ምሁሯ" ይለኛል፣ ለብቻችን ስንሆን "አንቺ ልጅ"።

ግሪንሃውሱን አሳየሁት። ጨዋዋ በሩ አጠገብ፣ አዲሱ የሽቦ መደርደሪያ ላይ፣ ከወንበሬ ፊት ለፊት ናት። ከጣሪያው ሽቦ የተንጠባጠበው ውሃ ቅጠሏ ላይ ያንጸባርቅ ነበር። ሌሎቹ መስመሮች፣ የእንጀራ ልጆቼ፣ ከኋላ የእንጨት ጠረጴዛ ላይ ናቸው። አፈሩ የሁሉም አንድ ነው፤ ከራሱ ከጋሼ ማሳ በጆንያ ያስመጣነው።

"ታዲያ ይቺ ጨዋ ልጅሽ መቼ ነው የምትዳረው?" አለኝ።

"ኮሚቴው ሳያያት የትም አትሄድም።"

"ኮሚቴው ምኑን ያያል? እኔ የማውቀውን መሬት እሱ ያውቀዋል?"

ሳቅኩ። ከዚያ የሰጠሁትን ነገር ሰጠሁት። እጅ የሚያህሉ ሠላሳ የጨዋዋ ችግኞች፣ በእርጥብ ጋዜጣ ጠቅልዬ። ኮሚቴው ሳይፈቅድ ፍሬም ይሁን ችግኝ ከግቢ አይወጣም። ደንቡን ራሴ ነኝ ያረቀቅኩት። ግን ይዋል ይደር እንጂ እሱ ማሳ ላይ ነው የምትተከለው። በጓሮ በኩል በአንድ ረድፍ ብትሞከር ምን ይላታል? እንዲያውም ለኔ ጥሩ ማስረጃ ይሆነኛል።

"እንዳትሸጥ" አልኩት። እሺ አለ። ጋሼ ቃሉን ይጠብቃል።

የካቲት 17

ኃላፊው ጠራኝ። ለኮሚቴው የሚቀርበው ጽሑፍ በመጋቢት መጨረሻ እንዲያልቅ። ሥዕል ይኑረው፣ ቀለም ይኑረው፣ አይርዘም። ስልክ ላይ ለሆነ ሰው "ደርሷል፣ በእጃችን ነው" ሲል ኮሪደሩ ላይ ሰማሁት። በእጃችን። እጁን አፈር ነክቶት የማያውቅ ሰው። ይሁን፣ ለጨዋዋ እስከጠቀመ ድረስ ምኔ ተነካ።

የካቲት 29፣ እሑድ

ጋሼ ቤት ዋልኩ። ችግኞቹ የጉድ አድገዋል፣ ቅጠላቸው መሀረብ ያህላል።

ሙሽሬ አምስተኛ ወሯን ይዛለች። የወንድሜ ሚስት ናት፤ ከተጋቡ ስምንት ዓመት ቢሆናቸውም ከሙሽሬ ሌላ ስም አላወጣንላትም። ሁለት ጊዜ ወርዶባታል። ስለዚህ አሁን ቤቱ ውስጥ ሁሉም ሰው በእግሩ ጣት ነው የሚሄደው፤ ጋሼ እንኳ በር ሲዘጋ በሁለት እጁ ይዞ ነው። ሐኪሙ ደምሽ አንሷል፣ ቅጠላ ቅጠል አብዢ ብሏታል። እርጉዝ መሆኗን የሰማሁ ዕለት የማሳውን ቅጠል አትንኪ ብያት ነበርና እስካሁን ከገበያ እየገዛች ነበር፤ ያውም በውድ፣ ያውም የጠወለገ።

"ይሄስ?" አለችኝ የጓሮውን ረድፍ እያሳየችኝ።

"ይሄማ የኔ ነው። ንጹህ ነው፣ ብይ" አልኳት።

ወዲያው ቆርጣ ቀቀለችውና ቆማ በላችው። "የአክስትህ ቅጠል ነው" ትለዋለች ሆዷን። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። ስድስት ዓመት የለፋሁት ለዚህች አንዲት ሰሃን ቢሆን እንኳ አይቆጨኝም ብዬ አሰብኩ።

መጋቢት 6፣ እሑድ

እየቸኮልኩ ነው። ከጓሮው ችግኞች ናሙና ወሰድኩ፣ ከየተክሉ አንዳንድ ቅጠል፣ ተቀላቅሎ። እያንዳንዱ ግንድ ላይ በሰማያዊ ክር ቁጥር አሰርኩ፤ ልማድ ነው። ለሚዛኗ "ተጨማሪ የድጋሚ ናሙና" ብዬ ልሰጣት ነው። ለጽሑፉ ማሳረጊያ ይሆነኛል።

መጋቢት 10

ዜሮ ነጥብ አራት አንድ።

አልታጠበም ማለት ነው። አቧራ ነው። የዚያ መንገድ አቧራ ቅጠሉ ላይ ተቀምጦ ነው። ደግሜ እወስዳለሁ፣ በተጣራ ውሃ ሦስት ጊዜ አጥባለሁ።

መጋቢት 15

ሦስት ጊዜ አጠብኩ። ዜሮ ነጥብ ሦስት ዘጠኝ።

ከሚዛኗ ጋር ተጣላን። ማሽኑን አስተካክይው አልኳት። ስድብ ቢሆን ይሻላት ነበር። መነጽሯን አውልቃ አየችኝ።

"ማሽኑ ደህና ነው። ይሄ ቅጠል ከየት ነው የመጣው?"

"ከግቢ።"

"ከየትኛው ግቢ?"

"ከግቢ አልኩሽ እኮ።"

ዓይኔን በጨው አጥቤ ዋሸኋት። እሷም ውሸት መሆኑን አወቀች፣ እኔም እንዳወቀች አወቅኩ። በሩን ቀስ ብዬ ዘጋሁት፤ ብወረውረው ይሻል ነበር።

መጋቢት 20፣ እሑድ

ጋሼ ቤት አልሄድኩም። ሥራ ስለበዛብኝ ነው። ጽሑፉ አለ፣ ሥዕሎቹ አሉ።

ግሪንሃውሱ ውስጥ ብቻዬን ተቀምጬ ዋልኩ። አፈሩ አንድ። ችግኙ አንድ። እዚህ ንጹህ፣ እዚያ ቆሻሻ። የሚለየው ምንድን ነው? ብርሃኑ፣ ሙቀቱ፣ ውሃው። ውሃውን ስል አንድ ጠብታ አንገቴ ላይ ወደቀ። ቀና ብዬ አየሁ። ከጣሪያው ሥር የተዘረጋው ሽቦ ነው። ዓምና ሲታደስ ሽቦውንም መደርደሪያውንም በሩ በኩል አዲስ አደረጉት። እንዳይዝግ የተቀባ ነው። የሚቀባው ደግሞ በዚንክ ነው።

እጄን መደርደሪያው ላይ አሻሸሁት። ነጭ ዱቄት ይዞ ተመለሰ።

ይህንን የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ያውቀዋል። ዚንክና ካድሚየም ይመሳሰላሉ፣ ሥሩም በአንድ በር ነው የሚያስገባቸው። ዚንኩ ከበዛ ታክሲው እንደሞላበት ተሳፋሪ ካድሚየሙ ውጭ ቆሞ ይቀራል። ቁልፍ የለም፣ ጓዳ የለም፣ ጂን የለም። ሽቦ ነው።

ማሰሮዎቹ ቦታ እየተቀያየሩ እንዲዞሩ ሥርዓት አለን። የእንጀራ ልጆቼን በየሳምንቱ አዙሬያቸዋለሁ። እሷን ግን አላዞርኳትም፤ ከወንበሬ እንድትታየኝ። ወደድኳታ። ስም አወጣሁላታ።

ገና እርግጠኛ አይደለሁም። አንድ ነጭ ዱቄት ማስረጃ አይሆንም።

መጋቢት 22

የጨዋዋ ቅጠል ዚንክ ተለካ። ከእንጀራ ልጆቹ አራት እጥፍ።

ጨዋዋን ወደ እንጨቱ ጠረጴዛ አዛወርኩ። ከእንጀራ ልጆቹ ሁለቱን ወደ ሽቦው አመጣሁ። አዲስ ቅጠል እስኪያወጡ መጠበቅ ነው። ትክክለኛው መንገድ ይኸው ነው፤ ግምት ይዞ ሰው ማስደንገጥ አይገባም።

መጋቢት 26

ሙሽሬ ደወለች። ድምፅዋ በርትቷል። ልጁ እየተራገጠ መሆኑን ነገረችኝ።

"ቅጠልሽ ሊያልቅብኝ ነው እትዬ። ጠዋትም ማታም እኮ ነው። ሌላ ችግኝ የለሽም?"

"ትንሽ ቀነስ አድርጊ" አልኳት።

"ለምን?"

"ሲበዛ ሆድ ይነፋል።"

ስቃ "የኔ ሆድ ከዚህ በላይ ወዴት ሊነፋ?" አለችኝ። እኔም ሳቅኩ። ሆድ ይነፋል። የተማርኩት ሁሉ ለዚህ ሆነ። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ እጄን ታጠብኩ፣ ለምን እንደሆነ እንጃ።

የእንጨቱ ጠረጴዛ ላይ ያሉት አዲስ ቅጠል ጀምረዋል። ትንሽ ነው የቀረው።

ሚያዝያ 1

ጽሑፉን ለኃላፊው አልሰጠሁም። ራሴን አመመኝ አልኩት። እውነትም አሞኛል።

ሚያዝያ 3፣ ቅዳሜ ማታ

ዛሬ ምሳ ላይ ሚዛኗ አጠገቤ ተቀመጠች። ከተጣላን ወዲህ የመጀመሪያዋ ነው። ስለ ሌላ ነገር እያወራች በመሀል፣ ለኔ ብላ ይሁን ሳታስበው አላውቅም፣ እንዲህ አለች፦ "የሚገርመኝ ምን መሰለሽ፣ ደም ያነሳት ሴት ካድሚየም ከሌላው ሰው እጥፍ ነው የምትወስደው። ሰውነቷ ብረት ሲርበው በሩን ከፍቶ ይጠብቃል፣ ያገኘውን ያስገባል። እርጉዝ ስትሆን ደግሞ ይብሳል።"

ይህንን አውቀዋለሁ። በራሴ ጽሑፍ መግቢያ ላይ፣ ሁለተኛው አንቀጽ ላይ፣ በራሴ እጅ የጻፍኩት ነው።

መብላቴን አቆምኩ። ሚዛኗ የኔን ሰሃን አየች፣ ከዚያ እኔን አየች። "ቅጠሉ የማን ነው?" አለችኝ ዝቅ ባለ ድምፅ። ነገርኳት። አልተቆጣችም። "ታዲያ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?" ብቻ አለችኝ።

ቅዳሜ ነውና ወደ እነ ጋሼ የሚሄደው የመጨረሻው መኪና ከምሳ በፊት ሄዶ ነበር። ልደውል ስልኩን አነሳሁ፣ አስቀመጥኩት፣ አነሳሁ። በመጨረሻ ደወልኩና "ነገ እስክመጣ ቅጠሉን እንዳትበዪ" አልኳት። ለምን አላለችኝም። "እሺ" ብላ ዘጋች። ሆድ ይነፋል ካልኩበት ቀን ጀምሮ ስንት ሰሃን እንደበላች ማሰብ አልፈልግም። ማስረጃ እየጠበቅኩ ነበር። ለማን? ለኮሚቴው ነው ወይስ ለሷ? ለኮሚቴው መጠበቅ ደንብ ነው። ለሷ ግን ጥርጣሬው ይበቃ ነበር፤ ጥርጣሬውም ከመጋቢት አሥር ጀምሮ በእጄ ነበር። ፈሪ ነኝ። ይህንን እዚህ ጽፌዋለሁ፣ ነገ ደግሞ ፊታቸው እናገረዋለሁ።

ሚያዝያ 4፣ እሑድ

ነገርኳቸው። ቆሜ ነው የነገርኳቸው፤ ተቀመጪ ቢሉኝም እምቢ አልኩ። ሽቦውን፣ ዚንኩን፣ ሁለቱን ውጤት፣ "ሆድ ይነፋል" ያልኩትን ጭምር።

ሙሽሬ ሁለት እጇን ሆዷ ላይ አድርጋ ወለሉን ታያለች። ጋሼ ነው የተናገረው፣ ሳይጮህ።

"የማሳውን አትብዪ ያልሻት አንቺ ነሽ።"

"እኔ ነኝ።"

"ይሄን ብይ ያልሻትም አንቺ ነሽ።"

"እኔ ነኝ ጋሼ።"

"እኔ እኮ ካንቺ በላይ የማምነው ሰው የለኝም" አለኝ። ቢመታኝ ይሻለኝ ነበር።

ነገ ሐኪም ቤት አብሬያችሁ ልሂድ አልኩ። "እኛው እንሄዳለን" አለ። ለሐኪሙ የሚሰጥ ወረቀት ጻፍኩ፣ ምን ያህል፣ ለስንት ጊዜ፣ የትኛው ምርመራ እንደሚያስፈልግ። ተቀብሎ አጥፎ ኪሱ ከተተው። ከዚያ ጓሮ ወጥቼ፣ ሁሉም ነገር ይነቀል አልኩት፣ ከመነቀሉ በፊት ግን ከእያንዳንዱ ተክል ለየብቻ ቅጠል ቆረጥኩ፤ ሠላሳ ፖስታ፣ ሠላሳ ቁጥር። ለምን እንደቆረጥኩ አሁንም በደንብ አላውቅም። እጄ መቁረጥ ለምዶ ይሆናል። ጋሼ መቁረጫውን ስይዝ ከበሩ ላይ ሆኖ ያየኝ ነበር። አስተያየቱን አልወደድኩትም።

ሚያዝያ 7

ኃላፊው ቢሮ። ሁሉን ነገርኩት። መጀመሪያ በሩን ዘጋ፣ ከዚያ መስኮቱን ዘጋ።

"ስለ ሽቦው ማን ያውቃል?"

"እኔና ኬሚስቷ። አሁን ደግሞ እርስዎ።"

"ሦስት ውጤት አለን፣ ሦስቱም ከገደቡ በታች። ኮሚቴው ስለ መደርደሪያ አይጠይቅም። ዘሩ ይውጣ፣ ከዚያ ቀስ ብለሽ ታሻሽይዋለሽ።"

"ዶክተር፣ ሰው ይበላዋል።"

"አሁንስ የሚበሉት ምኑን ነው? ያንኑ አይደለም?"

"አሁን እየፈሩ ነው የሚበሉት። ይሄን ግን አምነው ነው የሚበሉት።"

ወንበሩን ወደ ጠረጴዛው ሳበ። ቀጥሎ ያለው ነገር ስለ ደንቡ ነበር። ከግቢ ችግኝ ማውጣቴን ካልተናገርኩ የማሳውን ውጤት ማቅረብ አልችልም፤ ከተናገርኩ ደግሞ እሱ እንደማያድነኝ። "አያድኑኝ" አልኩት። ከዚህ ሁሉ ሳምንት በኋላ አንድ ነገር በትክክል ሠራሁ።

ጽሑፉን ከመጀመሪያው እጀምራለሁ። ሥዕል የለውም።

ሚያዝያ 12፣ ሰኞ

የቦታ ልውውጡ ውጤት፦ ጨዋዋ እንጨት ላይ ዜሮ ነጥብ አራት። የእንጀራ ልጆቹ ሽቦ ላይ ዜሮ ነጥብ ዜሮ ሰባት። በቃ። ጨዋ የነበረው ሽቦው ነው።

ሁለተኛ ነገር አለ። ሠላሳዎቹ ፖስታዎች። ሃያ ዘጠኙ እንደሚጠበቀው ናቸው፣ ቆሻሻ። ቁጥር አሥራ ሰባት ዜሮ ነጥብ ዜሮ ሰባት። ዚንኳ እንደ ማንኛዋም። ሚዛኗ ሳልጠይቃት ሦስት ጊዜ ለክታዋለች። ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ ስትል አየኋት፤ ጥርሷ ያምራል።

መስመሯ ገና ድብልቅ ነበረች ማለት ነው። ከሠላሳ አንዷ ቁልፏ ይሠራል፣ እውነተኛ ጓዳ አላት፣ ሽቦ በሌለበት፣ ጋሼ አፈር ውስጥ።

ይነቀል ያልኩት እኔ ነኝ። ከስምንት ቀን በፊት።

እየሄድኩ ነው።

በዚያው ዕለት፣ ማታ

ተነቅለዋል። ጋሼ በነገርኩት ዕለት ነቅሎ፣ ማሳው ዳር ከዛፉ ሥር ከምሯቸዋል። ከብት እንዳይበላቸው ላዩ ላይ እሾህ ጥሎበታል። እሾሁን በባዶ እጄ ነው ያነሳሁት። ቅጠሉ በስብሷል፣ ይሸታል። ቆስጣ ግን ሥሯ ወፍራም ነው፣ ካልደረቀ መልሶ ይተከላል፤ እኛ ዘር ስናወጣ የምንሠራው ይህንኑ ነው። ተንበርክኬ መፈለግ ጀመርኩ። ሰማያዊ ክር፣ ሰማያዊ ክር። አራት። ሃያ ሁለት። ዘጠኝ።

ጋሼ መጥቶ ከጀርባዬ ቆመ። አላየሁትም፣ ጥላውን ነው ያየሁት።

"ምን ጠፋብሽ?"

ነገርኩት። አሥራ ሰባት ንጹህ ናት፣ እውነተኛ ናት፣ አፈርህ ውስጥ ነው የተገኘችው፣ እያልኩ፣ ቀና ሳልል፣ እየቆፈርኩ።

"ስለ ሥሩ ነው የመጣሽው ወይስ ስለ እሷ?" አለኝ።

እጄ ቆመ። ሐኪም ቤት ከሄዱ ሳምንት ሆኗል። ከበሩ ገብቼ፣ በቤቱ ጎን አልፌ፣ ቀጥታ ወደዚህ ክምር ነበር የመጣሁት። ሙሽሬ እንዴት ናት ብዬ አልጠየቅኩም። መስኮቱ ክፍት ነበር፣ አጠገቡ አልፌያለሁ።

ተነስቼ፣ አፈር በአፈር እንደሆንኩ፣ ወደ ቤት ገባሁ። አልጋው ላይ ጋደም ብላ ነበር። ይቅርታ አልኳት፤ ስለ ቅጠሉ፣ ስለ ዝምታዬ፣ ስለ መስኮቱም።

"ኩላሊቴ ደህና ነው ብለዋል" አለችኝ። "ደሜ ውስጥ ግን ከፍ ብሏል። በየወሩ ነይ ብለውኛል። ልጁ ይንቀሳቀሳል።" ብርድ ልብሱን ሆዷ ላይ ሳበችና "ተቀይሜሻለሁ" አለች። "ይወጣልኛል፣ ግን ዛሬ አይደለም።"

"እሺ" አልኳት።

"ምንድን ነው እዚያ የምትቆፍሪው?"

ስነግራት በክርኗ ተደግፋ ተነሳች። ባሏን በመስኮቱ ጠራችው። "አግዛት። መጨለሙ ነው፣ እሷ ዓይኗ ደካማ ነው" አለችው። እሷ መስኮቱ ላይ ሆና የእጅ ባትሪ አበራችልን። ጋሼ አጠገቤ ተቀመጠ፣ እያንዳንዱን ሥር እያነሳ፣ ክሩን እያገላበጠ። ያገኛት እሱ ነው። ከክምሩ ሥር፣ እርጥበት ስላልተለያት ጨርሳ ሳትደርቅ፣ ግማሽዋ የሸበሸበ፣ ግማሽዋ ጠንካራ። መዳፌ ላይ አስቀመጠልኝ።

"ይቺ ናት?"

"ይቺ ናት።"

"ትሞታለች ይሄማ" አለ። ግን የራሱን አፈር በጆንያ ሞልቶ እስከ መኪናው ተሸከመልኝ።

ሚያዝያ 24

እንዳለች ናት። አልሞተችም፣ አልበቀለችም። የበሰበሰውን ቆርጬ ጣልኩ። በየሰዓቱ ላያት ያምረኛል፣ እጄን ኪሴ ከትቼ አልፋለሁ።

ግንቦት 8

ኮሚቴው ተቀመጠ። ሁሉን ተናገርኩ፦ ሽቦውን፣ ያላዞርኳትን ማሰሮ፣ በጋዜጣ የጠቀለልኩትን ችግኝ፣ የበላችውን ሴት። ስሟን አልተናገርኩም። ጥግ የተቀመጡት ሽማግሌ "ታዲያ እርስዎን ምን ብለን እንመን?" አሉኝ። "እኔን አትመኑ፤ ቁጥሩ በሌላ ሰው እጅ ደግሞ ይለካ" አልኳቸው። ሚዛኗ ከኋላ ሆና ጉሮሮዋን ጠረገች።

ወንዙ ዳር ከዚህ መኸር ጀምሮ ቅጠል አይተከልበትም። እኔ ከመስመሩ ኃላፊነት ተነስቻለሁ፣ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጥቶኛል፣ ግሪንሃውሱ ውስጥ ግን እንድሠራ ተፈቅዶልኛል። አንድ የእንጨት ጠረጴዛ።

አመሻሽ ላይ ለጋሼ ደወልኩ። "አበባ መትከል አላውቅም" አለኝ። "አስተምርሃለሁ" አልኩት። "አንቺ?" አለና ሳቀ። ብዙ ጊዜ ሆኖኛል ሳቁን ከሰማሁ። ሳቁ መራራ ነበር፣ ቢሆንም ተቀበልኩት።

ግንቦት 19

ከአንገቷ አረንጓዴ ነገር ወጣ። ጥፍር አታህልም።

ሰኔ 7፣ እሑድ

ሙሽሬ መጣች። ሆዷ ከፊቷ ቀድሞ ነው የገባው። በዚህ ወር ምርመራ ካድሚየሙ ወርዷል፣ ሐኪሙ ደስ ብሎታል። ጋሼ ውጭ ቀረ፤ በአበባ ዘር ዋጋ ከሚዛኗ ጋር እየተከራከረ ነው፣ ሚዛኗ ደግሞ ስለ አበባ የምታውቀው አንድም ነገር የለም።

አሥራ ሰባትን አሳየኋት። አምስት ቅጠል አውጥታለች፣ በወንድሜ አፈር፣ በተጣራ ውሃ። ከቀድሞዎቹ ጋር ስትተያይ ጠባብና ጠቆር ያለች ናት፤ ውበት የላትም። ባለፈው ሳምንት አንድ ቅጠል ቆርጠን ሁለት ቦታ አስለክተናል። አሁንም ከገደቡ በታች ናት። ከእሷ ዘር ለማውጣት፣ ዘሩን ደግሞ ለመፈተን፣ ሦስት ዓመት ያስፈልገኛል። ምናልባት አራት። አደርገዋለሁ።

"ስሟ ማነው?" አለችኝ ሙሽሬ።

"ቁጥር ብቻ ነው ያላት።"

"ጥሩ። ስም አታውጪላት" አለች። "መጀመሪያ ትፈተን።" ከዚያ እጇን ሆዷ ላይ አድርጋ "የኛውም ገና ስም የለውም" አለችኝና ወንበሬ ላይ ተቀመጠች።

የሳምንቱ የቦታ ዕጣ ቀን ነበር። አሁን የማሰሮ ቦታ የሚወጣው በዕጣ ነው፣ አንድም ማሰሮ አይቀርም። ወረቀቶቹን ጠቅልዬ በባዶ ቆርቆሮ ከተትኩና ለእሷ ሰጠኋት። ለአሥራ ሰባት አወጣችላት። የመጨረሻው ጥግ፣ ከምሰሶው ጀርባ።

"እዚህ ሆነሽ አታዪያትም እኮ" አለችኝ ከወንበሬ ላይ አንገቷን እያሰገገች። "ሌላ ላውጣ?"

"ተዪው" አልኳት። ማሰሮዋን አንስቼ ወስጄ ጥግ ላይ አስቀመጥኳት፣ ተመልሼም ከሙሽሬ አጠገብ ባዶ ሣጥን ላይ ተቀመጥኩ።